ስፓይደርማን ኢቃማ አለው ወይ?

ሱፐርማን ካርቱም ቢመጣ ሳምንት አይቆይም። ይህን የምለው ለክፋት አይደለም፤ በካርቱም ደይም ሰፈር የኖረ ሰው ስለ ሙቀት ለመናገር መብት አለው ብዬ ነው። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። አይረንማን ያንን የብረት ልብሱን ለብሶ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ቢል፣ ጠላት ሳይነካው በገዛ ልብሱ ይጠበሳል። ሱፐርማንን ደግሞ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል አየር ላይ ካገኘው፣ ካባው ፊቱ ላይ ተጠምጥሞ ኦምዱርማን ገበያ የሽንኩርት ክምር ላይ ነው የሚያርፈው።

ስፓይደርማን ችግሩ ሌላ ነው፤ ፎቅ። የኒውዮርክ ልጅ ስለሆነ ድሩን የሚሰቅልበት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለምዷል። ካርቱም ሜዳ ናት። አባይ ዳር ካለው፣ ሕዝቡ «የጋዳፊ እንቁላል» ከሚለው ሆቴል ላይ ቢወረወር እንኳ፣ ቀጣዩ ፎቅ እስኪገኝ ወርዶ ረክሻ መሳፈሩ አይቀርም። ያውም በዋጋ ተከራክሮ።

ይሁንና ካርቱም የመጣው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2021 የሱዳን ጦር አዛዥ ጄኔራል ቡርሃን መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ያንን ቀይና ሰማያዊ ልብስ ከራስ እስከ እግሩ ለብሶ ከሰልፈኛው መሐል ይታይ ጀመር። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት እንዳመጣ የምትጠብቁ ካላችሁ ጠብቁ፤ አላመጣም።) በ2022 ዘ ጋርዲያን አጭር ዘጋቢ ፊልም አወጣለት። ሰውየው ስሙን አልተናገረም፤ ሥራው ግን ታወቀ፤ መምህር ነው።

መምህር! እኔን የገረመኝ ልብሱ ሳይሆን ይሄ ነው። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 የፈጠሩት ፒተር ፓርከርም እኮ ወላጅ የሌለው፣ አክስትና አጎቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። በ2004ቱ ፊልም ፒዛ ሲያመላልስ አርፍዶ ከሥራ ይባረራል፤ አከራዩ ኪራይ አምጣ እያለ መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል። ተመልካች ልቡን የሚሰጠው በድሩ ሲንሳፈፍ ይመስላችኋል? የለም፣ አከራዩ በሩን ሲያንኳኳ ነው። ሱፐርማን ለኪራይ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። ሱዳኖች ከስፓይደርማን በፊት በህንድ ፊልም ያበዱትም፣ እኛም መርካቶ ሲኒማ ራስ የተጋፋነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሚታብ ባቻን በ1983ቱ «ኩሊ» ላይ ሃያ ሰው የሚዘርረው የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሆኖ ነው። የሚኒስትር ልጅ ሆኖ ቢደባደብ ማን ያጨበጭብለት ነበር?

ካርቱም የኖረ አበሻ ደግሞ እንደ ፒተር ሁለት ኑሮ መኖርን ከማንም መማር አያሻውም። ጎንደር «ጀግናችን» የሚባለው ሰው እዚህ ሆቴል ጓዳ ሰሐን ያጥባል። ቤተሰብ ሊደውል ሲል ሸሚዝ ቀይሮ፣ የጎረቤት መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ፒተር ከአክስቱ የሚደብቀው ጉልበቱን ነው፤ የእኛ ሰው ከእናቱ የሚደብቀው ድካሙን።

ስፓይደርማን ደግሞ ከሱፐርማን የሚለየው ጭምብሉ ቅንጣት ቆዳ ባለማሳየቱ ነው። ውስጡ ያለው ከሱዳን ጎሳዎች ኑባ ይሁን፣ ጃዓሊ ይሁን፣ የሁመራ ልጅ ይሁን ማን ያውቃል? ሱፐርማን መነጽር አድርጎ ተሰወርኩ ይላል፤ እንደዚያ ያለ መሰወር የካርቱምን ፖሊስ ቀርቶ የሰፈር ወሬኛ አያታልልም።

ይህን ሁሉ ፍልስፍና ጀበና ጥዳ ለምትቀመጠው ለእትዬ ተነተንኩላት። ስልኬ ላይ ፎቶውን አሳየኋት። አጉልታ አየችው።

«በዚህ ሙቀት እንዲህ ተሸፋፍኖ?»

«ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው፣ እትዬ።»

«ኢቃማ አለው?» አለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቷ ነው።

«እሱማ የአገሩ ልጅ ነው።»

«እና የካሻ ፖሊስ መጥቶ አፍሶ ቢወስደው፣ ፊቱ ካልታየ ከየትኛው ወረቀት ጋር ያመሳክሩታል?»

«ያው... አይችሉም።»

ሁለተኛውን ቀድታ ሰጠችኝ። ግራ ቀኝ አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝማ ልጄ፣ ይሄ ልብስ የሴት አለው? በስንት ይገኛል?»