የሸለቆው በቀቀኖች

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ከሩቅ ዘመድ ጋር መላላክ ቢቸግራቸው፣ እመት ጦጢት ከባሕር ማዶ በቀቀኖች አስመጥታ ለየቤቱ አንዳንድ ሸጠችላቸው። በቀቀኑ በር ላይ ይቆማል፤ የሚወጣውም የሚገባውም መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል። የመታዘዣውን ቃል የነገረውን ሁሉ “ጌታዬ” ይላል። ጦጢት ታዲያ ድካሟን ለመቀነስ ስትል ለሁሉም በቀቀኖች አንድ ቃል አስተማረች። “ቤታችሁ ስትገቡ ለውጡት” ብላም ከክንፋቸው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ ጻፈች። ክንፍ ገልጦ ያነበበ አልነበረም።

አያ ጅቦም እንደ ሰው ሁሉ አንድ በቀቀን ገዛ። የራሱን በቀቀን ቃል ሲያውቅ የሸለቆውን ሁሉ ዐወቀ።

በተረታችን ጅብ ሆዳም እንጂ ትዕግሥተኛ አይደለም፤ ይሄኛው ግን መታገሥን ተምሯል። ምንም አልሰረቀም። ማታ ማታ በየአጥሩ ሥር ቃሉን ያንሾካሹክና “ዛሬ ከዚህ ቤት መልእክት ወደ ማን ሄደ?” ይላል። ደብዳቤን በሰም ማሸግ ተለምዶ ስለነበር በቀቀኑ ውስጡን አያውቅም። የሚያውቀው የሄደበትን ደጅና ሰዓቱን ነው። ይኸው በቂ ነበር። እመት አህያ ሰኞ በእኩለ ሌሊት ወደ ወጌሻ፣ ማክሰኞም ወደ ወጌሻ፣ ረቡዕ እህል ወደሚያስጭናት ነጋዴ፣ ሐሙስ አራጣ አበዳሪው ቀበሮ ዘንድ ልካለች። አያ ጅቦ አንድም ማኅተም ሳይሰብር እግሯ መጎዳቱን፣ ሥራ መፍታቷን፣ ገንዘብ ማጣቷን ዐወቀ። ወሬውን ለቀበሮ ሸጠለት። ዓርብ ዕለት እያነከሰች ስትመጣ ቀበሮ ወለዱን እጥፍ አደረገባት።

አህያ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው፤ የተዘረፈ ይጮኻል፣ እሷ ግን የምትጮህበት ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀችም። በየሳሎናችን ጥግ የሚያብለጨልጨው ራውተርም እንዲሁ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ መልእክቱን አመስጥሮ ይልካል፤ ራውተሩን በእጁ ያስገባ ሰው ግን የትኛውን ድረ ገጽ በስንት ሰዓት እንደከፈትን በአብዛኛው ማየት ይችላል። የሐኪም ቤቱን፣ የባንኩን፣ የጠበቃውን።

ሲውል ሲያድር አያ ጅቦ ደፈረ። አንድ ሌሊት በቀቀኖቹ ሁሉ በአንበሳ ችሎት ደጅ በአንድ ጊዜ እንዲጮኹ አዘዘ። አቤቱታ ይዞ የመጣ የሚሰማው አጣ። ይህን ክፍል ከተረት አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡ 60 ያህል የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ የማረካቸው የቤት ካሜራዎችና ራውተሮች፣ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚጠቁመውን ዳይን የተባለ ኩባንያ አጨናንቀው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን በአሜሪካ ለብዙዎች ለሰዓታት አሳጥተዋል። ባለቤቶቹ ዕቃቸው ለማን እንደሚሠራ አያውቁም ነበር።

አንበሳ ጉባኤ ጠራ። “ጥፋቱ የገዢዎቹ ነው፤ ጽፌላቸው ነበር” አለች ጦጢት። ብዙዎች አንገታቸውን ደፉ። እማማ ኤሊ ግን ተነሡ። “ልጄ፣ አህያ ጭነት ተሸክማ ውላ በጨለማ ክንፍ ሥር ታንብብ? ለሁሉም አንድ ቃል አስተምሮ የሸጠውስ ማነው?” አሉ። እኔም የምፈርደው ከእማማ ኤሊ ጋር ነው። አንበሳም ከዚያ ቀን ወዲህ የጋራ ቃል የተማረ በቀቀን ሸለቆው እንዳይገባ አወጀ። ብሪታንያ ይህን የመሰለ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። በእኛ አገር ደግሞ የግል መረጃን በጠቅላላው የሚመለከት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

አዋጅ ግን ቀድሞ በር ላይ የቆመውን በቀቀን ቃል አይለውጥም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ራውተርዎን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ይመልከቱ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ራውተሩን የሚያስተዳድሩበትን፣ ብዙ ጊዜ “አድሚን” የሚለውን ቃልም ይለውጡ፤ ሶፍትዌሩንም ያድሱ። ይህን ማድረግ የማይችሉ እናት ወይም ጎረቤት ካሉዎት፣ ሄደው ይሥሩላቸው።