«ቦርዱ ተቃጥሏል»

ሕክምና ገና ብዙ ይቀረዋል። ሆዴን አመመኝ ያለ ሰው በመጣ ቁጥር ሐኪሙ ደም ያስቀዳል፣ ሽንት ያስመረምራል፣ አልትራሳውንድ ያዝዛል፤ ይህ ሁሉ ሆኖም «እስቲ ለሦስት ቀን እንየው» ከማለት አያልፍም። የኤሌክትሮኒክስ ጥገናው ዓለም ከዚህ ልፋት ከተገላገለ ቆይቷል። የቪዲዮ ዴኩ ከፌስታሉ ሳይወጣ ባለሙያው በመዳፉ መዘን ያደርገዋል፣ አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ቦርዱ ተቃጥሏል።» ካቻቪቴ አልተነሣም፤ አንድ ብሎን አልተፈታም፤ ቴስተሩም ከተሰቀለበት አልወረደም። የብረት ክዳን ዘልቆ የማየት እንዲህ ያለ ጸጋ ድሮ ለመናንያን ብቻ ይሰጥ ነበር።

ባለቤቱም ቢሆን አይከፋውም። ጥገና ጣጣ አለው፤ «ነገ ና» አለው፣ «ዕቃው አልመጣም» አለው፣ «ልጁ ምሳ ወጥቷል» አለው። «ተቃጥሏል» ግን ቁርጥ ነው። ከተቃጠለ ነገር ጋር ማን ይሟገታል? አዲስ ዕቃ ለመግዛትም ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

ነገሩን የሚያበላሹት ክዳን የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው።

ክዳኑ ሲከፈት ብዙ ጊዜ አመድ የለም፣ ጥላሸትም የለም። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ለዴኩ አይስማማውም፤ ሞተሮቹ 12 ቮልት ገደማ፣ አእምሮው 5 ቮልት ነው የሚሹት። ይህን የሚያደላድለው ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። በኋለኞቹ ዘመን ዴኮች ውስጥ ሥራው እንዲህ ይሄዳል፦ 220ውን ወደ 310 ገደማ ቀጥተኛ ቮልት ይለውጠዋል፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር አሳልፎ ዝቅ ያደርገዋል፣ በመጨረሻም የተቆራረጠውን አለስልሶ ለየክፍሉ ያድላል። የማለስለሱ ሥራ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ነው። አብዛኞቹ ከጣት የማይወፍሩ ናቸው፤ በውስጣቸው የተጠቀለለ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ። ፈሳሹ በሙቀት ብዛት፣ በዓመታት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ይተናል። አንዳንዱ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል፤ አንዳንዱ ከሥሩ ቡናማ ነገር ያንጠባጥባል፤ ሌላው ከውጭ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቋል። በእሳት የተከሰሰው ቦርድ፣ መዝገቡ ቢታይ፣ የተገኘበት ድርቀት ነው።

ደግሞ አምራቾቹ ምንም አልደበቁም። በካፓሲተሩ ገላ ላይ የሙቀት ልኩ ተጽፏል፤ 85 ዲግሪ ወይም 105 ዲግሪ። በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ዕድሜውም አለ፤ ለምሳሌ በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ያህል ይጨምራል። 65 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ካፓሲተር እንግዲህ 32,000 ሰዓት ያህል ይቆያል ማለት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ፣ ሒሳቡ ሦስት ዓመት ተኩል አለፍ ይላል። «እኛ እኮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምንከፍተው» የሚል ካለ፣ ሰዓቱ ፊቱ ላይ የሚበራ ዴክ ቤተሰቡ ሲተኛም ፓወር ሰፕላዩ እየሠራ እንደሆነ ማን ይንገረው። ሪሞት የሚጠብቅ ዕቃ እንቅልፍ የለውም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሳሎን ለሙቀት ሳይንስ ያበረከተው አስተዋጽኦ ሊረሳ አይገባም። ዴኩ ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት። በቀዳዳዎቹ ላይ ዳንቴል ይነጠፋል። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ማስቀመጫ ይቆማል፤ ከጎኑ የምረቃ ፎቶ። ይህ ሁሉ ደግሞ መስታወት በር ባለው ቡፌ ውስጥ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት ይቆለፋል፣ ቁልፉም የእማወራዋ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዴኩ ብርድ አይነካውም፣ ምች አይመታውም። እያንዳንዱ 10 ዲግሪ የካፓሲተሩን ዕድሜ በግማሽ እየቀነሰው፣ ዕቃው ግን ክብሩ ሳይጓደል፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ይሞታል።

ከመሞቱ በፊት ምልክት ያሳያል። የሰዓቱ ብርሃን ይደበዝዛል። ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ይለግማል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ለዚህ ሁሉ የታወቀው መድኃኒት ጥፊ ነው። ጥፊው በየቤቱ ባለሙያ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ በቡጢ። አስቸጋሪው ነገር ጥፊ አንዳንዴ መሥራቱ ነው፤ የተሰነጠቀ ሶልደር ካለ ለጊዜው ያገናኘዋልና። አንዴ የሠራ ጥፊ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሁለተኛው መድኃኒት አለማጥፋት ነው። የተዳከመ ካፓሲተር ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል፤ ይህን ያስተዋለ አባወራ «ማንም እንዳያጠፋው!» ብሎ ያውጃል። ዴኩ ቀንም ሌሊትም እየሞቀ፣ የቀረችውን ፈሳሽ እየጨረሰ ይኖራል። ከዕለታት አንድ ቀን መብራት ይሄዳል። ሲመለስ ዴኩ አይመለስም፤ ለማስነሣት የምታገለግለው ትንሿ ካፓሲተር ከደረቀች ከርማለችና፣ ስትፈለግ የለችም። ጥፋቱ በሙሉ በመብራቱ ይላከካል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገድለው ዕቃ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ነገር ግን መብራቱ ይህን ዴክ ሞቶ አገኘው እንጂ አልገደለውም።

ፍርዱ አንዳንዴ ትክክል የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። አጎት ከአሜሪካ ዴክ ይልካል። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት ነው፤ ለዚያ አገር ብቻ ተብሎ የተሠራ ዴክ ዋና ካፓሲተሩ ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ እንዲሸከም አልተደረገም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጠፍጣፋዋ ስፒና በአዳፕተር ተሰክታ 220ው ሲለቀቅበት ካፓሲተሩ ላይ 310 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ ድምፅም አለ፣ ጭስም አለ፣ ሽታም አለ። ስለ እሳት የሚነገረው ሁሉ ለአንድ ጊዜ እውነት ሆነ! በዚያም ቢሆን ከሞቱት መካከል ብዙ ጊዜ የሚገኙት ፊውዝ፣ ዳዮድና ይኸው ካፓሲተር ናቸው። ትራንስፎርመር አስቦ የገዛ ብልህ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ይጠብቀዋል። የአዲስ አበባው የሠርግ ካሴት በፓል ሥርዓት፣ 625 መስመር የተቀረጸ ነው፤ የአሜሪካው ዴክ የሚያውቀው ኤንቲኤስሲን፣ 525 መስመርን ነው። ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ ስትንከባለል ትታያለች። በተቃራኒውም የአዲስ አበባ ሠርግ በካሴት ወደ ቨርጂኒያ ተልኮ፣ እዚያ ባለው ዴክ አልታይ ብሎ፣ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ተብሎ ተጥሏል። መርማሪ አላስፈለገም።

ፈረንጆች በዚህ ነገር ላይ የሚያባክኑት ጊዜ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዴል በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ለገቡ ብልሹ ካፓሲተሮች ሲል 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ዝም ማለት እየቻለ። ሳምሰንግም በአንዳንድ ቴሌቪዥኖቹ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ተከሶ ነበር፤ ቴሌቪዥኖቹ ሲከፈቱ ጠቅ ጠቅ ይላሉ እንጂ አይነሡም፤ ጥፋተኛው የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ሆኖ ተገኘ፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2012 በስምምነት በነጻ ሊጠግን ቃል ገባ። ከሁሉ የባሰው የአውሮፓ ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነ ደንብ፣ የቴሌቪዥን አምራቾች የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ከገባ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች መለዋወጫ እንዲያቀርቡ አስገደደ። ዝርዝሩ ውስጥ ፓወር ሰፕላይ አለ። ከ400 ማይክሮፋራድ በላይ የሆነ ካፓሲተርም አለ። የስንት አገር ባለሥልጣናት ቁጭ ብለው ስለ ካፓሲተር መጠን የተከራከሩበትን ስብሰባ መገመት ይቻላል። የእኛን ጠጋኝ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይበተኑ ነበር።

በአገር ቤትም ሥርዓቱን የሚያውኩ ጥቂት ጠጋኞች አልጠፉም። እነዚህ ሰዎች ስፒናውን ነቅለው ይጠብቃሉ። ዋናው ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በሬዚስተር አፍስሰው፣ በቴስተር አረጋግጠው ነው እጃቸውን የሚያስገቡት። (ለዚህ ብቻ ቀልድ የለም፤ ያልተማረ ሰው አይክፈተው።) ከዚያ የደረቁትን ለይተው ያወጣሉ፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ከቀድሞው የማያንስ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሆነ አዲስ ይተካሉ፤ የኔጌቲቩን ጎን አይተው ይበይዳሉ፣ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳልና። ጎረቤቶቹም እኩዮቹ ስለሆኑ አብረው ይቀየራሉ። የአንዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

የእነዚህ ሰዎች ስሕተት ታማኝነታቸው ነው። ያወጡትን የደረቀ ካፓሲተር ለባለቤቱ በመዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። ባለቤቱ አገላብጦ ያየውና «ለዚህች ነው ይህን ያህል የምትለኝ?» ይላል። ተቀምጠው የፈለጉበት ሰዓት አይታየውም፤ የሚታየው የዕቃዋ መጠን ነው። ያ ቅድም በመዳፉ የመዘነው ባለሙያ ግን «ሙሉ ቦርድ ቀይሬያለሁ» ሲል፣ ያው ደንበኛ ሳያቅማማ ይከፍላል፤ ቦርድ ትልቅ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ብዙ ነገር ተደርድሮበታል። የተቀየረው ቦርድ ከሌላ አሮጌ ዴክ የተነቀለ መሆኑን፣ በላዩ ያሉት ካፓሲተሮችም ከሟቹ ጋር በአንድ ዘመን ተወልደው በአንድ ዘመን የሚደርቁ መሆናቸውን የሚጠይቅ የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና «ተቃጠለ» ሲባልም አያስገርምም። አንዴ ያቃጠለ መብራት ሁለተኛ አያቃጥልም ያለ ማን ነው?

ወጣቱ ትውልድም ትምህርቱን ተቀብሏል። የዲሽ ሪሲቨር መነሣት ሲያቅተው፣ ከሶኬቱ ላይ የተሰካችው 12 ቮልት አዳፕተር እንደሞተች ሳይታይ ሪሲቨሩ ከነአዳፕተሩ ይጣላል። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። የቀረው «ተቃጥሏል» ይባላል መሰለኝ።

«አዲስ ይገዛል» የሚለውም መጽናኛ ለሌላው ዕቃ ይሠራል፤ ለዴክ ግን አይሠራም። ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ያስጀመረውን የቪኤችኤስ ዴክ የመጨረሻው አምራች የነበረው ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚጣል ዴክ እንጂ የሚወለድ ዴክ የለም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ መዝገብ ቤት እ.ኤ.አ. 2025ን ቀነ ገደብ አድርጎ፣ ዩኔስኮም በ2019 ጥሪ አድርጎ ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር፤ ቴፑ ብቻ ሳይሆን ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙም እያለቁ ነው። በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ግን የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የአባት ተስካር ካሴት በስስት ተደርድሯል። ለማንም አይዋስም፤ ማጫወቻው የለም እንጂ።

ማጫወቻው የሄደው በቆራሌው ጆንያ ነው። «ቆራሌው!» ሲል ተጠርቶ፣ ዴኩን ከአሮጌ ብረት ድስትና ከባዶ ጠርሙስ ጋር በጥቂት ብር ወሰደው። ቆራሌው ደግሞ ክዳን ከሚከፍቱት ጠጋኞች ለአንዱ ሸጠለት። ጠጋኙ ሁለት ካፓሲተር ቀየረ፣ ሄዱን በአልኮል ጠረገ፣ ካሴት ወደ ፍላሽ ለሚገለብጥ ሱቅ በደህና ዋጋ አስተላለፈው። አሁን አባወራው የሠርጉን ካሴቶች በፌስታል ይዞ እዚያ ሱቅ ተሰልፏል፤ ልጆቹ የእናታቸውን ቬሎ ማየት አምሯቸዋል። ዴኩ ሲዞር ድምፁ ጥሩ እንደሆነ ለባለ ሱቁ ይነግረዋል፤ የድሮ ዕቃ ጠንካራ እንደነበርም አብረው ያወራሉ። ሒሳቡ በካሴት ነው። አባወራው ትንሽ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኝም ይቀበላል።