ጣሳውን አስመዝኑት

ደብረ ማርቆስ ላይ ስንዴ ወፍጮ ቤት ሲደርስ በኪሎ ይመዘናል። ማስፈጫው የሚከፈለው በኪሎ ነውና የሚዛኑ መርፌ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ባለ እህሏም ባለ ወፍጮውም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ዳቦ ቤቱ ግራም ቀነሰ ብሎ የማያማርርም የለም። ያው ስንዴ ተፈጭቶ ቤት ሲገባ ግን ግራም የሚባል ነገር ከደጅ ይቀራል፤ የድፎው ዱቄት በጣሳ ይሰፈራል። ገንዘብ ባለበት ሚዛን፣ ዳቦ ባለበት ጣሳ! እኔ እንደሚመስለኝ ለደረቀ ዳቦ እርሾው ከሚሸከመው ኀጢአት አብዛኛው የጣሳው ነው።

ጣሳ የሚሰፍረው ዱቄትና አየር ቀላቅሎ ነው። ከወፍጮ ትኩሱን የመጣ ወይም በወንፊት የተነፋ ዱቄት አየር ስለያዘ ጣሳውን ቶሎ ይሞላል፤ ከረጢት ውስጥ ሰንብቶ የተጠቀጠቀው ግን በዚያው ጣሳ ብዙ ይገባል። የሞላውን ጣሳ ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ ቸብ ቸብ ሲያደርጉት ዱቄቱ ከአፉ ዝቅ ይላል። ይህን ገበያተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲገዛ «ነቅነቅ አድርጊው» ይላል፣ ሲሸጥ ጣሳውን እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። የሉቃስ ወንጌል እንኳ ጠቅጥቆ መስፈርን ከልግስና ይቆጥረዋል። በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይብሳል። 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘው የአሜሪካ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላበት 120 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኩባያው ራሱ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሲዛቅበት 150 ሊደርስ ይችላል። አራት ኩባያ የተባለ ሰው ዝቆ ከሰፈረ የአምስት ኩባያ ዱቄት አቦካ ማለት ነው። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን የምግብ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ የኩባያው አፍ በቢላዋ ይስተካከል ብላ ነበር። ቁልሉ በዚህ ቀረ፤ ከሥር የተጠቀጠቀውን ግን ቢላዋ አይደርስበትም።

«እናቶቻችን በሚዛን ነው እንዴ ያን የመሰለ ዳቦ የጋገሩት?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ በጣሳም ግን አልጋገሩም። ጣሳው ለመነሻ ነው፣ ፍርዱ የእጅ ነው፤ ሊጡ ጣት ላይ ሲጣበቅ ዱቄት ነስነስ፣ ሲጠጥር ውኃ ጠብ ያደርጋሉ። ጉዱ የሚመጣው ልጅቱ ከዋሽንግተን ደውላ «ስንት ላድርግ?» ስትል ነው። እጅ በስልክ አይላክምና «ሁለት ጣሳ» ትባላለች። የየትኛው ጣሳ? የቲማቲም ድልህ ወይስ የወተት ዱቄት? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለውም ቁናው ያው ሲሆን ነው፤ የየገበያው ቁና ደግሞ ይለያይ ነበር።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ ሚዛንም ሁሉን አያውቅም የሚለው ነው። የወፍጮ ቤት ዱቄት ፉርሽካው ስላለበት ከፉርኖ ይልቅ ውኃ ይጠጣል፤ ክረምት ላይ ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ይስባል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ብርዱ ሊጡን ሲያዘገየው የአየሩ መሳሳት ደግሞ ይነፋዋል። እውነት ነው፤ ውኃውን እጅ ይጨርሰው። የዱቄቱ ልክ ከታወቀ ግን ዳቦው ሲበላሽ ቢያንስ አንድ ተጠርጣሪ ነፃ ይወጣል።

ሚዛን ግዙ አልልም። ጣሳውን ስኳር ከሚመዝነው ባለ ሱቅ ዘንድ ውሰዱና መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ሁልጊዜ እንደምትሰፍሩት ሞልታችሁ አስመዝኑት። ልዩነቱን ጎኑ ላይ ጻፉበት፤ ለፉርኖ አንድ ቁጥር፣ ለወፍጮ ቤት ዱቄት ሌላ። ልጅቱ ስትደውልም ጣሳውን ተዉትና ቁጥሩን ንገሯት።