መካከለኛው ጊዜ ሲመጣ እኔን አትፈልጉኝ

አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ተያይተው ይስቃሉ፤ ስለ ዓድዋ ዘመቻ የማወራ ይመስላቸዋል። ሰባት ሳንቲሟ ግን የዋዛ አልነበረችም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ ደርግም ወረደ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። በ1985 ዶላር 5 ብር ገባ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ጉድ ፈላ አለ። በጥቅምት 2010 በአንድ ሌሊት 15 በመቶ ተጨመረበትና ወደ 27 ተጠጋ፤ ያን ጊዜ ጉድ ያለው ሰው ቀንሶ ነበር፤ ሰው ጉድ ማለትም ይደክመዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ግን 57 ብር ገደማ ሆኖ ያደረው ዶላር በንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ ከ74 በላይ ሆኖ ዋለ። ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። በዓመቱ ከ130 በላይ ነበር።

መንግሥት ያለው፣ የዶላርን ዋጋ ከእንግዲህ እኔ አልወስንም፣ ገበያው ይወስን ነው። ገበያውን አውቀዋለሁ እኮ! ቡራዩ ኬላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲማቲም ለመግዛት የቆመ ሰው፣ ምንም ዓይነት ውሳኔ ለገበያ አሳልፎ አይሰጥም።

እኔ የአውራ ጎዳና ጡረተኛ ነኝ፤ ቤቴ ሱሉልታ ነው። አንድ ባልንጀራዬ ሰበታ፣ የእኅቴ ልጅ ደግሞ ቡራዩ ይኖራሉ። ከ2015 ወዲህ ሦስቱም ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ጥሩ ነው፤ አንድ ሆነናል። ነገር ግን ሰበታ ለቅሶ ሲያጋጥመኝ ከሱሉልታ በሚኒባስ ተነሥቼ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ፤ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቄ አየር ጤና እደርሳለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ እይዛለሁ። የገዛ ከተማዬን ለማቋረጥ የሰው ከተማ ማቋረጥ አለብኝ። ረዳቱ ደግሞ በየፌርማታው፣ "አባባ፣ ታሪፍ ተሻሽሏል" ይለኛል። ወደ ታች የተሻሻለ ታሪፍ አይቼ አላውቅም።

የሰበታው ባልንጀራዬ ዕድሜውን ሜታ ቢራ ፋብሪካ የጨረሰ ሰው ነው። ሲገባ ፋብሪካው የመንግሥት ነበር። በ2004 ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በሚያዝያ 2014 ደግሞ ለፈረንሳዩ ካስቴል ተላለፈ። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ እንኳ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ባለቤት ይቀያየርበታል። "የማን ሠራተኛ ነበርኩ ልበል?" ይለኛል። የሰበታ ሰው በል እለዋለሁ፤ ሰበታም ሸገር ሆኗል ይለኛል።

ከደጁ ቆሞ ደግሞ የባቡሩን ሐዲድ ያሳየኛል። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው፣ ከሰበታ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ የሚገባው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሐዲዱ ከሰበታ ይጀምራል፤ መንገደኛው የሚሳፈረው ግን ለቡ ነው። የቻይና ድርጅቶች ሠሩት፤ ከገንዘቡ ብዙውን የቻይና ኤግዚም ባንክ አበደረ። ዕዳው በ10 ዓመት እንዲከፈል ነበር የታሰበው፤ በ2010 ማብቂያ ላይ ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ሁሉም ሰው ደስ አለው፤ ባልንጀራዬ ግን አኮረፈ። "ሠላሳ ዓመት?" አለ፤ "የእኛን ድርሻ መቃብር ድረስ መጥተው ሊቀበሉን ነው?"

የእኔም ነገር እዚሁ ላይ ነው። በቴሌቪዥን የሚቀርቡት ባለሙያዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ የኢኮኖሚ ማሻሻያው በአጭር ጊዜ ሕመም አለው፣ በመካከለኛ ጊዜ ፍሬው ይታያል፣ በረጅም ጊዜ ሁላችንም እንጠቀማለን። ልጆቹ የተማሩ ናቸው፤ ዋሹ አልልም። ግን ማንን እያዩ ነው የሚናገሩት? የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዚያው በሐምሌ 22 ያጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚለቀቀው በ4 ዓመት ነው። የእኔ ሐኪም ስለ አራት ዓመት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እሱ የሚለኝ፣ "እስከ ቀጠሮዎ ይህን ይዋጡ" ነው። አጭሩ ጊዜ፣ ሕመም ያለበቱ፣ እሱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ፍሬው የሌላ ሰው ነው። ለልጆቻችን ነው ይሉኛል። ልጆቼን አውቃቸዋለሁ፤ እነሱም ስለ ዘይት ዋጋ ነው የሚያወሩት።

የገንዘብ ድርጅቱ ባጸደቀ ማግሥት የዓለም ባንክ የ1 ቢሊዮን ዶላር ርዳታና የ500 ሚሊዮን ዶላር ብድር አከለበት። ቢሊዮን በቢሊዮን ሆንን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ሱሉልታ ሳይኖር አልቀረም። እኔ በምድር ያለች ላም አለችኝ፤ እሷም ብትሆን ፋጉሎና ፍሩሽካ ካልገዛሁላት ወተቷን አላይም። ወተት ተወደደ ብሎ ከተማው እኔን ይረግማል፤ እኔ መኖ ሻጩን እረግማለሁ፤ መኖ ሻጩ ነዳጁን ይረግማል፤ ነዳጁ ማንን እንደሚረግም አላውቅም፣ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ውሃው ደግሞ አለ። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች አገር ናት፤ ውሃው ከእግራችን ሥር ወጥቶ፣ ከውጭ በመጣ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ በአይሱዙ እየተጫነ በደጃችን ያልፋል። እኛ ጄሪካን ደርድረን የቧንቧውን ተራ ስንጠብቅ ለሾፌሮቹ እጃችንን እናውለበልባለን።

ቡራዩ ያለችው የእኅቴ ልጅ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አሳየችኝ፤ አልወደድኩትም፣ እውነት ነው ግን። ኬላ አካባቢ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳይፐር የምትሸጥበት ሱቅ አላት።

"ጋሼ፣ 57 ብር እኮ ለእኛ ኖሮ አያውቅም" አለችኝ። "ባንክ ሄደህ በ57 ስጡኝ ብትል የሚሰጥህ የለም። ያገኘ ሰው ያገኛል፤ ሌላው በጥቁር ገበያ ከ100 በላይ ነበር የሚገዛው። የመርካቶ አከፋፋይ እኔ ላይ ዋጋ ሲቆርጥ ያንን ነበር የሚቆርጠው።"

"ታዲያ አሁን ለምን ጨመረ? ቀድሞውኑ ተጨምሮ ከነበረ?"

"ነዳጁ ነዋ። መድኃኒቱም። እነሱ ናቸው በባንኩ ዋጋ ይገቡ የነበሩት። ደግሞ መርካቶ ዶላር አይቶ ብቻ አይጨምርም፤ ዜና ሰምቶም ይጨምራል።"

በ2017 ቤንዚን በሊትር 100 ብር ሲያልፍ ትዝ አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር። በነሐሴ 2016፣ ገበያው ይወስን ከተባለ ሳምንታት እንኳ ሳይቆጠሩ፣ ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች በየከተማው ታሸጉ። ገበያው ወስኖ ነበር፤ ውሳኔው ግን አልተወደደለትም። እውነቱን ለመናገር ሲታሸጉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዘይት የደበቀ ነጋዴ አላዝንለትም። የእኅቴ ልጅ ግን ለብዙ ቀን መዝጊያዋን በግማሽ ነው የከፈተችው።

የተጠቀመ የለም አልልም። ከቤቴ ሦስተኛው ግቢ ያሉት ሰውዬ ሁለት ልጆች አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አሏቸው። ድሮ ልጆቹ ዶላር ሲልኩ በባንክ ይላክ፣ በሰው ይላክ እየተባለ በየወሩ ጭቅጭቅ ነበር። ዛሬ ባንኩ ራሱ ጥሩ ስለሚሰጥ ሰውዬው ሰልፉ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ፤ የውጭ ምንዛሪ አመንጪ ሆነዋላ! አጥራቸውን በብሎኬት አሳድሰዋል። እኔ ልጆቼን ተምራችሁ አገራችሁን አገልግሉ ብዬ እዚሁ ያስቀረሁ ነኝ። የአገር ፍቅር በዶላር ሲመነዘር እንዲህ የሚያከስር መሆኑን ማን ነገረኝ?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ እሱም የክብር ነው። በሐምሌ 1936 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ውድስ በተባለ ቦታ 44 አገሮች ተሰብስበው የገንዘብ ድርጅቱንና የዓለም ባንክን ሲጠነስሱ፣ ጣሊያን ከወጣልን ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ተገኝታለች። በ1943 የዓለም ባንክ አፍሪካ ውስጥ ማበደር ሲጀምር የጀመረው በእኛ ነው። ከዚያ ብድር 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር፤ ያንን ተከትሎ የተቋቋመው አውራ ጎዳና ነው እኔን አሳድጎ፣ አስረጅቶ፣ ጡረታ ያወጣኝ። ስለዚህ እኛ መሥራቾች ነን። በየትኛውም ዕድር መሥራች አባል ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል። እኛ ግን በመሠረትነው ቤት በር ላይ ፋይል ይዘን ወረፋ እንጠብቃለን።

ዕድር ካልኩ አይቀር ልጨርሰው። በ2007 ኢትዮጵያ ለዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር። በታኅሣሥ 2016 የዚያ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፈል ቀረ። በዚያው በታኅሣሥ ደግሞ ብሪክስ ወደሚባለው የአገሮች ስብስብ ገባን። በእኛ ዕድር መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ በጉባኤ ይነበባል፤ ስሙ እየተነበበ ሄዶ ሌላ ዕድር የተመዘገበ ሰው ግን አላጋጠመንም። ገንዘብ ሚኒስቴር፣ አጥተን ሳይሆን አበዳሪዎቻችንን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ብለን ነው ብሏል። ይህንኑ ምክንያት የወር መዋጮዬ ባለፈብኝ ጊዜ ለዕድራችን ጸሐፊ አቀረብኩ። አልገባውም።

አበዳሪዎቹም ቢሆኑ የሚመሰገኑ አይደሉም። ቡድን 20 ለድሃ አገሮች ዕዳ አንድ የጋራ ማዕቀፍ አወጣ፤ ኢትዮጵያ በ2013 አመለከተች። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሮቹ ቻይናና ፈረንሳይ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። ይህ ኮሚቴ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ እንዴት ይታይ በሚለው ላይ በመርሕ ተስማማሁ ያለው በመጋቢት 2017 ነው። አራት ዓመት! እኛ ሰው የሞተ ዕለት ድንኳን እንተክላለን። ነገሩን ያዘገየው የገንዘብ እጦት አይደለም፤ ያንዱን ዕዳ ቀለል ሳደርግ የተረፈው ገንዘብ ለሌላው እንዳይከፈል የሚል የእርስ በርስ ጥርጣሬ ነው። ቤጂንግ ፓሪስን ትጠብቃለች፣ ፓሪስ ቤጂንግን፣ ሁለቱም ቦንድ የያዙትን ነጋዴዎች። ከነጋዴዎቹ ጋር ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ዓለም አቀፍ ትብብር የሚሉት ይኸው ከሆነ፣ ከመተባበሩ መጠባበቁ ይበዛል።

ዓለምን በእንግድነት መቀበሉን ግን እንችልበታለን። በሐምሌ 2007 ስለ ልማት ገንዘብ የሚመክረው ሦስተኛው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የተካሄደው አዲስ አበባ ነው፤ ውጤቱም በከተማዋ ስም የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2027 ደግሞ 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እኛ ዘንድ ነው። ደስ ይላል። የእኛን ችግር ለመፍታት ዓለም አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ግን መንገድ ይዘጋል፣ ከሱሉልታ የሚወርደው ሚኒባስም መንገደኛውን አራግፎ ይመለሳል። እኔ ስለ እኔ የሚመከርበት አዳራሽ አጠገብ ለመድረስ አልታደልኩም።

ባለፈው የዕድር ጉባኤያችን ማሻሻያው እኛም ዘንድ ገባ። ገንዘብ ያዣችን ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው። ተነሥቶ፣ "አባቶች፣ ገንዘባችን ባንክ ተቀምጦ ዋጋውን እያጣ ነው፤ አክሲዮን እንግዛበት" አለ። በጥር 2017 ስለ ተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አብራራ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ መሆኑንም ነገረን። ከዚያ በፊት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ለገዛ ሁሉ በቴሌብር እንደሸጠም አስታወሰን። ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዳንዱ እንቅልፉ ነው።

እጄን አወጣሁ። ጎላ እንግዛ አልኩ። "በደርግ ጊዜ የገዛነው ጎላ ዛሬም አንድ በሬ ወጥ ይሠራል። ያን ጊዜ ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ግን ዛሬ የጎላውን ክዳን አይገዛም።"

"አባባ፣ ጎላ ትርፍ ይከፍላል እንዴ?" አለኝ ልጁ፤ በአክብሮት ነው፣ አልከፋኝም።

"ለሠርግ ይከራያል!" አልኩት። ሳቅ ሆነ፤ የተኙትም ነቁ። ድምፅ ተሰጠና ግማሹ ለአክሲዮን፣ ግማሹ ለጎላ ተባለ። የጎላው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔን አደረጉኝ። በማግሥቱ መርካቶ ወርጄ ምናለሽ ተራ አጠገብ አንድ ትልቅ፣ ጆሮው ጠንካራ የሆነ ጎላ አገኘሁ። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ ነገረኝ። ልጆቹን አማክሬ ነገ እመለሳለሁ ስለው፣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አየና፣ "አባባ፣ ይህ ዋጋ እስከ ማታ ነው የሚሠራው፤ የነገውን ጠዋት ይደውሉልኝ" አለኝ።