ውሻ በቀደደው፦ የግቢ አጥር አመራረጥ

የአዲስ አበባ ሰው ግቢውን ሲያጥር የሚያስበው ሌባን ነው፤ አጥሩን ሌት ተቀን የሚፈትነው ግን ውሻው ነው። በዘርፉ ቀደምት የሆነው ጥናት «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል። አባቶች በአራት ቃል የጥፋቱን ቅደም ተከተልና የሁለቱንም ተጠርጣሪዎች ማንነት አስፍረዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት ያላስተዋሉት፣ ቀዳጁ አጥሩን እንዲጠብቅ የሚቀለበው መሆኑን ነው። ቀዳዳ የማይቀር ከሆነ ደግሞ አጥር መምረጥ ማለት ቀዳዳው የት እንደሚሆን መምረጥ ነው።

ማስረጃው ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ከተማዋን ሲያጥር የኖረው አጣና፣ ሥሩን ምስጥና ዝናብ ከበሉት በኋላ ለአንድ አፍንጫ ግፊት እጁን ይሰጣል። ቆርቆሮም ቢሆን የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ስለሚሳሳ፣ ባለ 35 የገዛው አባወራ በባለ 28 ያጠረውን ጎረቤቱን የበለጠ ሲመስለው ውሻው ልዩነቱን በጥፍሩ ደርሶበታል። «ብሎኬትንስ ማን ይቀደዋል?» የሚሉ አሉ። ማንም አይቀደውም፤ ነገር ግን በር የሌለው ግንብ እስካሁን አልተሠራም። የላሜራ በር ደግሞ እንዲከፈትና የክረምት ውኃ እንዲያሳልፍ ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል። ውሻው እዚያ በደረቱ ተኝቶ፣ አፍንጫውን አውጥቶ አቧራውን እፍ እያለ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ አንድ በአንድ ይመረምራል። ባለቤቱ ሳያውቀው ቀዳዳውን በገንዘቡ አሠርቷል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አይታሰርም?» የሚለው ተቃውሞ ሒሳብ አይችልም። የ3 ሜትር ሰንሰለት ውሻውን 28 ካሬ ሜትር ያህል ያስጠብቀዋል፤ ግቢው 200 ካሬ ከሆነ ቀሪው 172 ካሬ ለሌባ ተመራ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ሊዝ። «አጥሩን ከፍ እናድርገው» የሚሉትም መንገዱን ጋርደው ለውሻው ኮሽታ ብቻ ያስቀሩለታል። ምንም የማያይ ውሻ በሁሉም ይጮኻል፤ በሁሉም ለሚጮኽ ውሻ ደግሞ ከአልጋው የሚነሳ የለም።

ስለዚህ የሚመከረው አጥር፣ ከበሩ ሥር ለአፍንጫ የሚበቃ፣ ለትከሻ ግን የማይበቃ ክፍተት ያለው ነው። መንገዱን የሚያይ ውሻ ሌላ ቦታ የሚቀድበት ምክንያት የለውም፤ ጅብም ቢመጣ የሚያገኘው ባለቤት ያለበት ቀዳዳ ነው። የውሻውን ትከሻ በሜትር የመለካቱን ሥራ ለመስክ ተመራማሪዎች ትተናል።