እጅ ነሺዋ ሳይክል

ብስክሌት የሚሸጡ ሰዎች ሁላችንንም ለቱር ደ ፍራንስ የሚያዘጋጁን ይመስለኛል። የእኔዋ "አሮጌ ብትሆንም ስፖርት ናት" ተብላ ነው የተሸጠችልኝ። ስፖርትነቷ ያለው መሪዋ ላይ ነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ ከኮርቻው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። እሱን ለመያዝ፣ ሳንቲም እንደጠፋበት ሰው አንገትን ደፍቶ መሬት መሬቱን ማየት ግድ ነው።

ጽጋቡ ግርማይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ቢያጎነብስ ያምርበታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሰው ደረቱን ለነፋስ መስጠት ኪሳራ ነው። እኔ ግን ከዓባይ ማዶ ተነስቼ መሃል ባሕር ዳር የምገባው ለቢሮ ነው። ባጃጁን ተዉት፣ ሣር የጫነ ጋሪ ሳይቀር ቀድሞኝ ያልፋል። በዚህ አካሄድ ነፋስ ምን ያደርገኛል? የሚታገለኝ ሆዴ ነው። ፔዳሉ ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ይጎስመዋል።

ክብደት መዳፍ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በመዳፍ በኩል ወደ ቀለበት ጣትና ወደ ትንሿ ጣት የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ሲጫን ሁለቱ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስፈርም ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ገንዘብ ያዧም ደጋግማ አይታ ነው የምትቀበለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ሰላምታውን ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክል ነጂው ብዙ፣ መንገድ ዳር የሚያውቅህ ሰውም ብዙ። ለትልቅ ሰው ጎንበስ ብለህ እጅ ትነሳለህ። ቀድሞውኑ የጎበጠ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ወዴት ይጎንበስ? ለቄሱም፣ ለሊስትሮውም፣ ለመብራት ምሰሶውም እኩል እጅ እየነሳሁ ከተማውን አቋርጣለሁ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ "አይተኸኝ ዝም ብለህ አለፍክ" ብለው ተቀየሙኝ። የቀረኝ ለእያንዳንዱ ሰው እየወረዱ መሳለም ነበር፤ እንዲያማ ከሆነ በእግሬ ብሄድ ምን አለበት?

ሳይክል የሚሠራው ልጅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚውለው። "መሪው ከፍ ይላል ጋሼ፤ የድሮ ሥሪት ስለሆነች ዕድለኛ ነዎት" አለኝ። በአዳዲሶቹ የሹካው ቱቦ ተቆርጦ የመሪው አንገት በውጭ በኩል ስለሚታሰርበት፣ ከፍ የማድረግ ዕድሉ ጠባብ ነው። በእኔዋ ግን አንገቱ ቱቦው ውስጥ ገብቶ በረጅም ብሎን ይጠብቃል። ልጁ ብሎኑን አላላው እንጂ አላወጣውም። ከዚያ እንጨት ደርቦ አናቱን በመዶሻ ቷ አደረገው። ብሎኑ ሲሰምጥ ከሥር ወጥሮ የያዘው ሽብልቅ ለቀቀ። መሪውን እየወዘወዘ ጎተት ጎተት ሲያደርገው የደረቀ ግራሶና ዝገት ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶም አንገቱ ላይ የተቀረጸ መስመር ብቅ አለ።

"እዚህ ጋ ያበቃል።"

"ሁለት ጣት ጨምርልኝ እንጂ።"

"መስመሩ ከቱቦው ውጭ ከታየ ደህና አይደለም። አንገቱ ከተሰበረ መሪው እጅዎ ላይ ይቀራል፤ እርስዎ ወዴት እንደሚሄዱ ግን እኔ አላውቅም።"

የጎደለውን ሁለት ጣት ያገኘነው ከአሮጌ የቻይና ሳይክል በተፈታ መሪ ነው፤ ከፍ ብሎ ጫፎቹ ወደ ነጂው የታጠፉ ናቸው። መያዣው ወደ አንተ ይመጣል እንጂ አንተ አትሄድበትም፤ ክርን ዘና ይላል፣ ትከሻም ከጆሮ ይርቃል። የፍሬን ሽቦዎቹ ግን አጠሩ። መሪው ሲዞር ፍሬኑ ማንም ሳይነካው ይይዛል፤ ስለዚህ በረጅም ተቀየሩ። ሒሳቡም አብሮ ከፍ አለ።

ቀና ሲሉ ክብደት ከመዳፍ ወደ መቀመጫ ስለሚወርድ ጠባቡ ኮርቻ በሰፊና ባለ ሞላ ተተካ። ቁመቱ ላይ ግን ከአላፊ አግዳሚው ጋር ተከራከርን። የእኛ ሰው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ይወዳል፤ እንዲህ ሲሆን ጉልበት በበቂ ሳይዘረጋ ይውልና ማታ ማስቃሰቱ አይቀርም። ልኩን ማወቂያው ተረከዝ ነው፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝህን ብታሳርፍበት እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ በእግርህ የፊት ክፍል ስትረግጥ ጉልበትህ በትንሹ ይታጠፋል።

አሁን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ስሻገር ውሃውን አያለሁ። አንድ እጄን አንስቼ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እላለሁ፤ መሪው ላይ ስላልተጫንኩ ሳይክሏ አትወላገድም። ጉዳቱ እኔም ከሩቅ መታየቴ ነው፤ የዕቁባችን ዳኛ ገና ከማዶ ሆኖ በስሜ ይጠራኛል።

ከእኔዋ የተፈታው መሪ የት ደረሰ ብዬ ልጁን ብጠይቀው፣ ለአንድ ጎረምሳ ገጥሞለታል። ጎረምሳው ይባስ ብሎ "ዝቅ አድርግልኝ" ብሎታል።

"ስንት ሸጥክለት?"

"ደህና ዋጋ አገኘሁበት።"

"ለእኔ 'ምንም አያወጣም' ብለኸኝ አልነበር?"

"እሱ እኮ ጋሼ፣ ወገቡን ገና አልታመመም።"