ማዶ የሌለው ሰዓት

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ከሰጠው የማያየው ጉድ የለም። ወጣቱ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ሰደርያውን ቆልፎ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ፊት እስኪያሳይ አስጠርጎ ሠርግ ይመጣል። እሰይ፣ የሰው ልጅ! ትላላችሁ። ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ከነጩ እጅጌ ሥር ብቅ የሚለው ምንድን ነው? ያ ጥቁር የፕላስቲክ ካሲዮ! አንዱን ሚዜ፣ «ምነው ልጄ፣ ደህና ሰዓት አጣህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቪንቴጅ ነው» አለኝ። በፈረንጆቹ 1989 የወጣ ዕቃ፣ ትናንት ማለት ነው፣ ጥንታዊ ተብሎ ተሾመላችሁ። እንግዲህ እኔ ምን ልባል ነው? የአክሱም ሐውልት?

በእኛ ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ሰዓቱ ስስ፣ ባለ ቆዳ ማሰሪያ፣ ባለ ቆጣሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይሞላል። ሰዓት መሙላት ሰውን ጨዋ ያደርግ ነበር። የዛሬው ባትሪ ሰባት ዓመት ይቆያል አሉ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ትውልድ! ደግሞ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ አይስትም ብለው ይኮሩበታል። የእኔዋ በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የምትዘገየው፤ አገር ስለሚያውቃት ቅር የሚለው አልነበረም። ሰው ሁሉ በሰዓቱ ይገኝ ነበር። በራሴ ሠርግ እንኳ ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ቤት ከች ስል አንድም የተቀየመ አላየሁም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ባለ ቆጣሪው ሰዓት ለሐበሻ የተሠራ ነው። በፈረንጅ ቢሞላም ግድ የለም፤ አጭሩ ቆጣሪ ሰባት ላይ ሲሆን ከማዶ፣ ትይዩውን ማየት ነው፤ አንድ ሰዓት። ዘጠኝ ላይ ሲሆን ደግሞ ሦስት ሰዓት። ስዊሶቹ ለእኛ ብለው እንደሠሩት አልጠራጠርም። ዲጂታሉ ምን ማዶ አለው? 8:30 ብሎ ያፈጥባችኋል፤ ስድስቱን ስትቀንሱ ቡናው ይቀዘቅዛል። በሐበሻ እንሙላው ካላችሁ ደግሞ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጠዋት ነው» ብሎ ይሟገታል፤ ቀኑንም የሚለውጠው ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህችኛዋ እንኳ አስተዋይነቱ ናት። ጳጉሜንን ግን ጭራሽ አያውቃትም።

እሱስ ይሁን። ሽማግሌ ቆሞ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲል፣ ገና አሜን ሳንል፣ የሚዜዎቹ እጅ ጢጥ! ጢጥ! እኩል እንኳ አይጮኹም፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው። ተመራቂዎቹም መራቂውም ግራ ተጋብተው ተያዩ።

ዲጂታልማ ድሮ ቀረ! በፈረንጆቹ 1972 አሜሪካኖች ፐልሳር ብለው ያወጡት የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክስ ዲጂታል የእጅ ሰዓት ባለ 18 ካራት ወርቅ ነበር፤ ዋጋው 2,100 ዶላር። ቁልፉን ካልተጫኑት ሰዓቱን አይናገርም። ሳይጠየቅ የማይናገር፣ እንዴት ያለ አስተዳደግ! ሮጀር ሙር እንኳ በ1973ቱ የጀምስ ቦንድ ፊልም ላይ ፐልሳር አስሯል። እኔም ከዓረብ አገር የመጣ ዘመድ የመጀመሪያዋን ዲጂታሌን ያመጣልኝ ጊዜ፣ በገበርዲን ሙሉ ልብሴ ላይ አስሬያት፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ ነበር ፒያሳን የምዞረው። ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሰዓቱም ሰውም ክብር ነበረው፤ የዛሬ ልጆች ለመታየት ብቻ ነው የሚያስሩት።

ያቺ ሰዓቴ አሁንም ከሳጥኔ ውስጥ አለች። ለግራጫው ሱፌ ከእሷ የተሻለ የለም፤ ድንጋይዋ ብቻ ነው ያለቀው። ደህና ሰዓት ሠሪ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ጢጥ የምትለዋንም አብሮ ቢያስተካክልልኝ አልጠላም።